ናርሲንግ ሆም የምትሠሩ እስቲ ግቡ፦ በሽታ የሌለባቸው እማማ በር ላይ ጋውን ምን ይሠራል?

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት አስታማሚ ነኝ፣ ቀን ቀን አንድ ናርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መንከባከቢያ፣ እሠራለሁ፣ በሳምንት ሦስት ማታ ደሞ ሌላ ቦታ። ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አንዲት ሐበሻ እማማ አሉን፣ ስትሮክ መቷቸው መዋጥ ስለማይችሉ ሆዳቸው ላይ የምግብ ቱቦ ተደርጎላቸዋል። ከዛ ውጭ ምንም የለባቸውም፣ ሳል የለ ትኩሳት የለ ቁስል የለ። ባለፈው ሰሞን በራቸው ላይ ስቶፕ የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፣ ከጎኑም ቢጫ ጋውን፣ ከልብስ በላይ የሚደረበው ማለቴ ነው፣ ከጓንት ጋር የተሞላ መሳቢያ መጣ። ቅዳሜ ልጃቸው መጥታ ስታየው በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ስስማት ስሰነብት እናንተ እንደ ተስቦ በሽተኛ ተሸፋፍናችሁ የምትገቡት እናቴን ምን አግኝቷት ነው ብላ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች። ምን ብዬ እንደማስረዳት ጠፋኝ፣ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር ለኔም አልገባኝም። ኢንሰርቪስ፣ የሥራ ቦታ ስልጠና፣ ተሰጥቶናል፣ አስር ደቂቃ፣ ፈርሙ ተባልን ፈረምን። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደሞ ስቴት፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ካልመጣ አትልበሺው ጊዜሽን ነው የሚበላው አለችኝ። እና ማናችን ነን ትክክል? ጋውኑ ለማን ነው?

(ከሁለት ሳምንት በኋላ የጨመርኩት፦ ክሩ፣ የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመና ግማሹም ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ ለአዲስ ገቢዎች በየቁጥሩ ምን እንደተባለ ልጻፍላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ የማንንም ስም አልጠራም፣ የገባኝን በራሴ አፍ ነው የማወራው።)

1. መጀመሪያ የመለሰችልኝ አርኤን፣ የተመዘገበች ነርስ፣ ናት፣ ስትጽፍ ራሱ ረጋ ያለች። ነገሩ ኢንሃንስድ ባሪየር ፕሪኮሽን እንደሚባል፣ ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም፣ ቀደም ብሎ ሲመክረው ቆይቶ ሲኤምኤስ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስቴት ሲመጣ የሚጠየቅበት ነገር እንዳደረገው ነገረችኝ። ሰውየው ታሟል ማለት አይደለም። ቱቦ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ ሴንትራል ላይን (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቱቦ)፣ አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ወይም የቆየ ቁስል ያለበት ሰው ገላው ላይ ክፍት በር አለው ማለት ነው፣ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች ደሞ እንደዚህ ያለ በር ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ገላ ስናጥብ፣ ልብስ ስናለብስ፣ ዳይፐር ስንቀይር፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር ስናነሳ፣ አንሶላ ስንለውጥ፣ ቱቦውን ወይም ቁስሉን ስንነካ ጋውንና ጓንት ግድ ነው። ትሪ ልናስቀምጥ፣ የተጠራንበትን ላይት ልናጠፋ ወይም እንዴት አደሩ ልንል ከገባን ግን እጅ ማጽዳት ይበቃል። እንደዚህ ጥርት አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ኢንሰርቪሱን የሰጡንም ጭምር።

2. አመስግኖ አለፈ፣ እሱም ለካ አያውቅም ነበር።

3. ለኤልፒኤን፣ ከአርኤን ዝቅ ላለው የነርስ ፈቃድ፣ የሚማር ልጅ፣ እርግጠኛ ሆኖ፣ በሩን ከማለፍሽ በፊት ሁልጊዜ ጋውን መልበስ እንዳለብኝና እማማም ከክፍላቸው መውጣት እንደሌለባቸው ነገረኝ። ፈተና ላይ እንዲህ እንደሚመጣ ሁሉ ጨመረበት። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም እሁድ እሁድ ሳሎን አውጥቼ መስኮት ዳር ፀሐይ የማስሞቃቸው እኔ ነኝ።

4. እዚህ ጋ ነው ክሩ የጋለው። አንድ ትልቅ ሴት ናቸው፣ 19 ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ፣ ከዚህ በኋላ እትዬ ቁጥር 4 እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማታ ሺፍት ላይ አስራ አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም ነዋሪ፣ ብቻቸውን እንደሚይዙ፣ ከነሱ ስድስቱ በር ላይ ይሄ ወረቀት እንዳለ፣ ጋውኑ ሙቀቱ አንገት እንደሚያንቅ፣ አንዷን አልብሰው ሳይጨርሱ የሦስት ሰው ላይት እንደሚበራ፣ የወደቀ ሰው ቢኖር ደሞ ተጠያቂዋ ጋውን ስትለብስ የነበረችው እንደሆነች ጻፉ። ይሄን ሕግ ያወጡት ሰዎች በሕይወታቸው ዳይፐር ቀይረው የማያውቁ ናቸው ባይ ናቸው። ስቴት ሲመጣማ ዲኦኤኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ራሷ ለብሳ ኮሪደር ላይ እንደምትንጎራደድ ነገሩን፣ አስቀውኛል። ብዙ ላይክ ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

5. ቨርጂኒያ የሚሠራ ኢንፌክሽን ፕሪቬንሽኒስት፣ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊ፣ ነው፣ ወንድማችን ስሙ ይባረክ። መጀመሪያ 3ኛውን አረመ፦ ልጁ ያለው ኮንታክት ፕሪኮሽን የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ ለምሳሌ ሲ ዲፍ የሚባለው የአንጀት ጀርም ይዞት ተቅማጥ ላይ ላለ ሰው፤ እዛ በገባን ቁጥር መልበስ አለ፣ ሰውየውም ክፍሉ ይቆያል። የኔ እማማ ግን ሳሎን መውጣት፣ ከሰው ጋር መቀመጥ፣ ቢንጎም መጫወት ይችላሉ። ከዛ ለእትዬ ቁጥር 4 በትሕትና መልስ ሰጠ፣ እኔን የነካኝ ይሄኛው ነው። ጋውኑ እኛን ከእማማ ለመጠበቅ እየመሰለን ነው የምንጨቃጨቀው፤ ዋናው ነገር ግን እማማን ከኛ መጠበቅ ነው። 10 ቁጥር ያሉትን ሰውዬ አቅፈን ስናነሳ ደረታችንና ክንዳችን ላይ የተለጠፈውን ይዘን 12 ቁጥር እንገባለን፣ እጃችንን ታጥበናል፣ ዩኒፎርማችንን ግን አላጠብንም። ጀርሙ ደሞ እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ተሸካሚው ሰው አያስልም አይተኩሰውም። ጨረስኩ ሳይል ደሞ ስለራሱ ጨመረ፦ ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ እያንዳንዱ ናርሲንግ ሆም እንደሱ ያለ ሰው እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፣ ግን ፓርት ታይም ይበቃል ስለሚል እሱ የቁስል ነርስም የስልጠና ኃላፊም ሆኖ ነው የሚውለው፣ አስር ደቂቃዋ ኢንሰርቪስ ከየት እንደመጣች አሁን ገባኝ።

6. የሬዚደንት ልጅ ናት፣ ሠራተኛ አይደለችም። እኛ ስለ ሕጉ ስናወራ እሷ ስለ ወረቀቱ ነው ያወራችው። አባቷ በር ላይ ሲለጠፍ የሰፈር ሰውና የማኅበር ሰው መጥቶ አይቶ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ወንበሩን ራቅ አድርጎ እንደተቀመጠ። በኛ አገር ሰው ደጅ ላይ ምልክት ካለ ሳምባ ነው ወይ ያ በሽታ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። አባቷ ደሞ አይናገሩም እንጂ ያያሉ። የምትለው፣ ከመለጠፉ በፊት አንድ ስልክ ብትደውሉልኝ ኖሮ። ይሄን መልስ ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

7 እና 8 ቀልድ ናቸው። አንዱ ቢጫውን ጋውን ለብሰው ሲሰለፉ አደይ አበባ እንደሚመስሉና በመስከረም ብቻ ቢለበስ ደስ እንደሚለው፣ ሌላዋ ደሞ ኋላው የሚታሰረው ጋውን ለማን ልክ እንደተሰፋ እንዳልገባት።

9. ሚኒሶታ ያለች እህት ስለ እከክ የጻፈችው ረጅም ነው፣ እውነት ለመናገር ከሁሉ የተነበበው ይሄ መሰለኝ። አንድ ሰውዬ ሲያኩ ከረሙ፣ የክረምት ድርቀት ነው ተባለ፣ ሎሽን ታዘዘ፣ እሷም በባዶ እጇ ሎሽን ስትቀባቸው ሰነበተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ማሳከኩ እስኪጀምር ከወር በላይ ሊቆይ ስለሚችል ማንም አልጠረጠረም። ከዛ እሷ፣ ሦስት ባልደረቦቿ፣ ሁለት ልጆቿ፣ ከጎንደር ለጥየቃ የመጡት አማቷ ሳይቀሩ ተያዙ። አማቷ ፊት የተሰማትን እፍረት ስትጽፍ ጸጉሬ ነው የቆመው፦ አሜሪካ መጥቼ እከክ ያዘኝ ብዬ አገር ቤት ምን ልበል አሉ አሉ እንጂ ምን ይበሉ። ፐርሜትሪን 5 ፐርሰንት ቅባት ከአንገት በታች እስከ እግር ጣት ተቀብተው አድረው ጠዋት ታጠቡ፣ በሳምንቱ ደገሙት። መሥሪያ ቤቱ ግን በመጀመሪያው ዙር ያከመው ሰውዬውን ብቻ ነበር፣ ክፍል የሚጋሩትን አላከመም፣ ስለዚህ ከወር በኋላ እንደገና ዞረ። ሁሉም በአንድ ቀን ካልታከመ መጫወት ነው ትላለች።

10. ፍራሹን ማቃጠል አለብን ወይ ብሎ የጠየቀ አለ።

11. አገር ቤት ቢቢኤል፣ የእከክ ቅባቱን፣ ነበር የምንቀባው፣ ድኝም ይሠራል፣ ፈረንጅ ነው የሚያጋንነው ያለም አለ። ቁጥር 5 ተመልሶ ለሁለቱም በአንድ ላይ መለሰ፦ ማቃጠል አያስፈልግም፣ ተባይዋ ከሰው ገላ ከወረደች ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አትኖርም፣ ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በድራየር ማድረቅ፣ የማይታጠበውን በፌስታል አስሮ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ማቆየት በቂ ነው። ስለ ቢቢኤል አልተከራከረም፣ ግን ሽማግሌዎች ላይ ቆዳው ወፍራም ቅርፊት የሚሠራ ዓይነት እንዳለ፣ እሱ አንዳንዴ እንደማያሳክክና ተላላፊነቱም ከሌላው በጣም እንደሚብስ፣ እዛ ላይ ቅባት ብቻውን እንደማይበቃ አስጠነቀቀ።

12. በኪሷ ሳኒታይዘር ይዛ እንደምትዞርና ሃያ ዓመት ምንም እንዳልያዛት የምትፎክር እህት መጣች። ለሷ ቁጥር 1 መለሰች፣ አሁን ትንሽ ኮምጨጭ ብላ። ሳኒታይዘር ለብዙው ነገር ጥሩ ነው፣ ከሳሙናም ይቀድማል፣ የሲ ዲፍን ዘር ግን አይገድለውም፣ ያ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ነው ከእጅ የሚወርደው፣ አልጋውና ኮሞዱም በረኪና ባለው ዋይፕ ነው የሚጠረገው። ተቅማጥና ትውከት በሚያመጣው ኖሮቫይረስም ላይ ሳኒታይዘር ደካማ ነው። ዋይፕ ብለን ጠረግ አድርገን ወዲያው በፎጣ ማድረቅም ልፋት ብቻ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። (ሄጄ አነበብኩት፣ የኛው 3 ደቂቃ ይላል። አራት ዓመት ስጠቀምበት።)

13. ሲያትል አካባቢ ያለ ወንድም ነው ሌላውን ነገር ያነሳው። በ2020 ፌብሩዋሪ መጨረሻ እዛው ሲያትል አጠገብ ከርክላንድ የነበረውን አስታወሰን፣ አሜሪካ ውስጥ ኮቪድ ናርሲንግ ሆም ገብቶ መጀመሪያ የታየበትን። እስከ ማርች 18 ከዛ ቤት ጋር ተያይዞ በኮቪድ የተያዙት 167 ሰዎች ነበሩ፣ 101 ሬዚደንት፣ 50 ሠራተኛ፣ 16 ጠያቂ። መርማሪዎቹ ለመዛመቱ ምክንያት ካሏቸው ውስጥ ሠራተኛ እያመመው ሥራ መግባቱና አንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ መሥራቱ እንዳለበት ጻፈ። ከዛ ጥያቄ ወረወረ፣ እዚህ ክር ውስጥ ካለነው ስንቶቻችን ነን አንድ ቦታ ብቻ የምንሠራው? ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም፣ ከላይ ሁለት ቦታ እንደምሠራ በራሴ እጅ ጽፌ ሳለ።

14. እትዬ ቁጥር 4 ናቸው ዝምታውን የሰበሩት፣ ያውም በንዴት። አንድ ሥራ ቢበቃ ማን ሁለት ይሠራ ነበር፣ ኪራዩን ማን ይክፈል፣ አገር ቤት ያለውን ማን ይርዳ፣ ያኔ በ2020 ጀግኖች ብላችሁ ፒዛ ልካችሁልን አሁን በሽታ አመላላሽ አደረጋችሁን። ሲያትል ያለውን ወንድም አንተ አሉት እንጂ አንቱ አላሉትም፣ እሱም መልሶ ትንሽ ያልተገባ ነገር ጻፈ፣ አስተባባሪው አጠፋው።

15. በዚህ መሀል አንድ ሰው ቁጥር ይዞ መጣ፣ ለእትዬ ድጋፍ። በ2024 ሲኤምኤስ ባወጣው ደንብ ለአንድ ሬዚደንት በቀን 2.45 ሰዓት የሲኤንኤ ጊዜ እንዲመደብ ተወስኖ ነበር፣ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ ከነርሶቹ ጋር በድምሩ 3.48። በኤፕሪል 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ውድቅ አደረገው። ጋውን ልበሱ የሚለው ትዕዛዝ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የሚለበስበት ጊዜ ከየት ይምጣ የሚለው የእትዬ ጥያቄ መልስ አላገኘም፣ እኔም የለኝም።

16. ዱባይ ያለች እህት። ናርሲንግ ሆም አይደለም፣ ቤት ውስጥ የማዳሟን እናት ብቻዋን ነው የምትጠብቀው፣ ሴትየዋ ካቴተር አላቸው፣ ማንም አላስተማራትም፣ ጓንት በሳምንት አንድ ፓኬት ነው የሚገዛላት። ሁሉም ጭቅጭቁን አቆመ። ቁጥር 1 አንድ በአንድ ጻፈችላት፦ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን ግን ወለል አይንካ፣ ቱቦው አይጠምዘዝ፣ ስታጸጂ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሽንቱን ስትደፊ አፉ ዕቃውን አይንካ፣ ጓንት ባይኖር እንኳ ሳሙና አይጥፋ፣ ጓንት ቢኖርም እጅ መታጠቡ አይቀርም። ትኩሳት ወይም ድንገት መቀባጠር ካየች ለማዳሟ ቶሎ እንድትነግርም። ልጅቷ አመስግና ጠፋች፣ ደህና ትሁን።

17. አንዱ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች እያመመን እንዳንገባ መብታችንን አስታወሰ፦ ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ በሠራነው በየ30 ሰዓቱ የ1 ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀማል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት፣ 15 እና ከዛ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ደሞዝ ከፍሎ ነው የሚሰጠው፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በታች የሚሠራ ግን አይገባበትም። ወዲያው ሦስት ሰው ተከታትሎ ወረቀት ላይ ነው፣ ኮል አውት ስታደርጊ፣ አልመጣም ብለሽ ስትደውይ፣ ስኬጁልሽን ነው የሚቆርጡት አለ። ተቅማጥና ትውከት ላይ ግን ክርክር የለም፣ ኖሮቫይረስ ከሆነ ከቆመልን በኋላም 48 ሰዓት ቤት መቆየት ነው፣ ወጥ ቤት የሚሠሩት በተለይ።

18. ከዚህ ጀምሮ ለጥቂት መልሶች ክሩ መስመር ለቀቀ። በስክራብ፣ በሥራ ዩኒፎርም፣ ቅዳሴ የሚመጡ ሰዎች፣ በስክራብ እንጀራ ቤት የሚሰለፉ፣ ለቅሶ ቤት ገብተው ሕፃን የሚታቀፉ። አንዷ ጫማዋን መኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው የምትተወው። አንዷ ረጅም አክሪሊክ ጥፍሯን ተከራከረችለት፣ ጓንት ይቀድ የለም ወይ ተባለች፣ የራሴ ጥፍር ነው ብላ ወጣች።

19. ቀጥሎ የመጣው ግን ከጥፍርም የከበደ ነበር። ማሳጅ የምትሠራ የምትመስል፣ አይ ፊዚካል ቴራፒ ናት፣ አባቶች ሲመጡ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ መስቀል ሲያሳልሙ ማየት እንደሚያሳስባት፣ ቢቻል በየመሀሉ በአልኮል ቢጠረግ ብላ ጻፈች። ኧረ ምን ላውራችሁ። መስቀል በሽታ ያስተላልፋል አልሽ ወይ፣ እምነት የለሽም ወይ፣ ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ፣ ያልተባለችው የለም። ስምንት መልስ ነው የፈጀው፣ አልቆጥራቸውም።

20. ዲያቆን የሆነ ልጅ ነው ያበረደው። በ2020 እሱ ያለበት ደብር ቄሱ መስቀሉን ከፍ አድርገው ከሩቅ ሲባርኩ ማንም በረከት እንዳልጎደለበት፣ ጨርቅ ይዞ መጥረግም ለመስቀሉ ክብር እንጂ ንቀት እንዳልሆነ ጻፈ። ቴራፒስቷን ይቅርታ የጠየቃት አንድ ሰው ብቻ ነው።

21. አንድ ዝም ብላ ስታነብ የቆየች ሲኤንኤ፣ ሁላችንም የረሳነውን አነሳች፦ አፍ። በቱቦ የሚመገብ ሰው ስለማይበላ አፉ አይቆሽሽም ብለን ጥርስ ማጠቡን እንተወዋለን። ምራቁ ግን ጀርሙን ይዞ ወደ ሳምባ ይወርዳል፣ ሳምባ ምች የሚሆነው በዛ ነው። ትራሱን ቢያንስ ወደ 30 ዲግሪ ቀና ማድረግ፣ አፍ ማጽዳት፣ ይሄ ጊዜ ነው የሚጠይቀው፣ ጥርስ ማጠቡም ጋውንና ጓንት ከሚለበስባቸው ሥራዎች ነው። ከዛ ያየችውን ነገረችን፦ ጠያቂ ዘመድ በፍቅር፣ መዋጥ ለማይችሉ አባት ጸበል በማንኪያ ሲያጠጣቸው ትን አላቸው፣ በሦስተኛው ቀን በትኩሳት ሆስፒታል ገቡ። ጸበሉን መርጨትም መቀባትም ይቻላል፣ ማጠጣት ነው ያልሆነው። እዚህ ላይ እንኳን ማንም አልተጣላትም።

22. አዲስ አበባ የአረጋውያን መጦሪያ የምታገለግል ነርስ፣ የኛን የጋውን ጭቅጭቅ ስታነብ ሳቅ እንደያዛት። እነሱ ጋ ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፣ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በየክፍሉ ደጃፍ አስቀምጠው፣ 80 ፐርሰንት ኤታኖል በሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተዘጋጀ የእጅ ማጽጃ እየተጠቀሙ ነው የሚሠሩት፣ ጋውን ሲጠፋ በየሬዚደንቱ ተለይቶ የሚታጠብ ሽርጥ አላቸው። ለ3ኛው ልጅ ደሞ ፈተናውን እንዲያልፍ ተመኘችለት።

23. ይሄ እኔ ነኝ። ለእማማ ልጅ ደወልኩላት፣ ቁጥር 5 ያለውን በአማርኛ ነገርኳት፣ ወረቀቱ ስለ እናትሽ ሕመም ሳይሆን ስለኛ ልብስ ነው አልኳት። ዝም አለች፣ ከዛ እኔስ ስስማት ልልበስ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚሁ ጠየቅሁላት፣ ለጠያቂ ግዴታ አይደለም፣ ሲገቡና ሲወጡ እጅ መታጠብ ነው ተባለ። እሁድ ስመጣ፣ ቻርጅ ነርሷን፣ የሺፍቱን ኃላፊ፣ አስፈቅዳ ከመሳቢያው በላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፎ ነበር፣ በአማርኛ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፣ በአፋቸው ምንም አትስጡ፣ ሳሟቸው።

24. እትዬ ቁጥር 4 ትናንት ማታ ተመለሱ። ስለ ጭቅጭቁ አላነሱም። እሳቸው ፎቅ ላይ ከዓርብ ማታ ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት መሳቢያው ባዶ እንደነበረ፣ ስቶፕ የሚለው ወረቀት ግን እንደተለጠፈ፣ ለብሼ ልሠራ ባልኩበት ቀን ጋውን የለም ብለው ጻፉ። ቁጥር 5 ለማን እንደተነገረ፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ የስቶር ሩሙ ቁልፍ ቅዳሜና እሁድ ማን ጋ እንደሚሆን ጠየቃቸው። እስካሁን አልመለሱም፣ ደብል፣ ሁለት ሺፍት በተከታታይ፣ ላይ ናቸው መሰለኝ።